የት ልሂድ? ከማለት በፊት

«ለአንድ ዓመት የትምህርት ልውውጥ የትኛውን አገር ልምረጥ? ጸልዩልኝ» የሚሉ ወጣቶች በመቱም በኖፓም አሉን። መጸለይ መልካም ነው፤ ጸሎቱ ግን ቪዛ ላይ ማብቃት የለበትም።

ከዚሁ ከኢሉባቦር፣ ከሁሩሙ አካባቢ የተገኘውን ኦነሲሞስ ነሲብን እናስብ። በልጅነቱ ከቤቱ ተነጥቆ በባርነት ተሸጠ፤ እ.ኤ.አ. በ1870 ምፅዋ ላይ ነጻ ወጣ። የስዊድን ሚሲዮናውያን አስተምረው ወደ ስቶክሆልም ላኩት። አምስት ዓመት ተምሮ ሲመለስ ሸክሙ ወገኖቹ ነበሩ። መንገዱ ደጋግሞ ቢዘጋበትም ሥራውን አልተወም፤ አስቴር ጋኖ እያገዘችው የተረጎመው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 ታተመ። በ1904 ደግሞ ራሱ ወለጋ ገብቶ ማስተማር ጀመረ።

ስለዚህ ወጣቶቻችን ሆይ፣ አገር ስትመርጡ እነዚህን ጠይቁ። የምማረው ትምህርት ስመለስ ማንን ይጠቅማል? የአገሩን ቋንቋ ችዬ መማር እችላለሁ? አብሬያቸው የማመልክ፣ ስደክም የሚያበረቱኝ ወገኖች በዚያ አሉ? ለእነዚህ መልስ ያለው አገር፣ ስሙ ባይገንንም፣ ይሻላል እንላለን።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። «ዓመቱ ሲያልቅ እመለሳለሁ» ብሎ ፈርሞ በልብ ላለመመለስ መቁረጥ ውሸት ነው፤ ለሚቀጥለው አመልካችም በር ይዘጋል። ወላጆችም ጉባኤም ብንሆን «ሄደህ እዚያው ቅር» ብለን አንመርቅ። በጸሎት የሸኘነውን ልጅ በምስጋና ለመቀበል እንዘጋጅ።

ጌታ ምርጫችሁን ይምራ፤ መውጣታችሁንም መግባታችሁንም ይባርክ።