ሳይጠራ የተሰጠ ኳስ

ጋሸናን የሚያውቅ ነፋሷን ያውቃል። ከወልድያ ሽቅብ የመጣው መንገድ እዚህ ላይ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ወደ ላሊበላ ይታጠፋል፣ ሌላው ወደ ደብረ ታቦር ይቀጥላል። መኪና የሚጠብቅ መንገደኛ ጋቢውን አጥብቆ፣ ጀርባውን ለነፋሱ ሰጥቶ ይቆማል። እኔ ቅርጫት ኳስ የለመድኩት በዚህ ነፋስ ውስጥ ነው።

የትምህርት ቤታችን ሜዳ ኮረት የበዛበት ነበር። ሁለት ምሰሶ፣ መረብ የሌላቸው ሁለት ቀለበቶች፣ አየሯ የጎደለ አንዲት ኳስ። ስታነጥራት ድንጋይ ላይ ካረፈች ወደ ጉልበትህ ትመጣለች፤ ድንጋዩን ከሳተች እዚያው ትቀራለች። የስፖርት አስተማሪያችን መላ አላጣም፤ ማንጠርን ከለከለ። ኳስ የደረሰው ባለበት ቆሞ ያቀብላል፣ አቀብሎ ይሮጣል፣ በቃ። ሌላም ሕግ ነበረው፦ «ስጠኝ» ብሎ የጮኸ ኳስ አይሰጠውም። «ስትጮህ የሚሰማህ ጓደኛህ ብቻ ነው እንዴ?» ይለን ነበር። «ተከላካዩስ ጆሮ የለውም?»

ዓመታት አልፈው የጨዋታውን ታሪክ ሳነብ ደነገጥኩ። እ.ኤ.አ. በ1891 በአሜሪካ ስፕሪንግፊልድ፣ በወወክማ ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት፣ ጄምስ ናይስሚዝ የሚባል መምህር የኮክ ፍሬ መልቀሚያ ቅርጫት ከአዳራሹ ሰገነት ላይ ሰቅሎ 13 ሕግ ጻፈ። ከሕጎቹ አንዱ ኳስ የያዘ ተጫዋች መሮጥ አይችልም፣ ከተቀበለበት ቦታ ሆኖ መወርወር አለበት ይላል። ማንጠር በኋላ የመጣ ነው። ቅርጫት ኳስ ሲወለድ የቅብብል ጨዋታ ነበር ማለት ነው። እኛም በድህነት ምክንያት እንዲህ የተጫወትን እየመሰለን የመጀመሪያውን ጨዋታ ስንጫወት ኖረናል።

ዛሬ ያንን ጨዋታ የምፈልገው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ነው። በክረምታቸው ዴንቨር ማታ ሲሆን እኛ ዘንድ ሊነጋጋ ነው፤ ብርድ ልብስ ተከናንቤ በስልኬ የዴንቨሩን ኒኮላ ዮኪችን አያለሁ። ሰርቢያዊው ዮኪች ቁመቱ 2 ሜትር ከ11 ነው። እንዲህ የረዘመ ሰው ድሮ በአብዛኛው ከቀለበቱ ሥር ቆሞ የሚቀበል እንጂ የሚያቀብል አልነበረም። እሱ ግን ኳሷን በአንድ እጁ ከአየር ላይ ይቀበላትና ሳያወርዳት፣ በዚያው እጁ፣ ከተከላካዩ ጀርባ ሾልኮ ለሚገባው የቡድን ጓደኛው አሮን ጎርደን ይልካታል። ጎርደን ገና አልዞረም። ሲዞር ኳሷ ደርሳለች። እ.ኤ.አ. በ2024–25 የውድድር ዘመን ዮኪች በአማካይ በየጨዋታው ከ10 በላይ ለነጥብ የበቁ ኳሶችን አቀብሏል። እኔን የሚያስደንቀኝ ግን ቁጥሩ ሳይሆን ያቺ ቅጽበት ናት፤ ተቀባዩ ነጻ መሆኑን ራሱ ከማወቁ በፊት ሌላ ሰው ያወቀለት ቅጽበት።

ብዙ ወዳጆቼ ውብ ኳስ ሲሉ ዓይንን ወደ ሌላ አቅጣጫ አድርጎ፣ ወይም በጀርባ በኩል አዙሮ የተሰጠውን ማለታቸው ነው። እኔም አጨበጭባለሁ፤ ማጂክ ጆንሰንን አይቶ የማያጨበጭብ ማን አለ? ልቤን የሚነካው ግን በጊዜዋ የደረሰች፣ ተቀባዩን እጁን እንኳ የማታስዘረጋ ተራ ኳስ ናት። የዩታው ጆን ስቶክተን 19 ዓመት ሙሉ ያቀበለው እንደዚያ ነበር፤ 15,806 ኳስ፣ እስካሁን ማንም ያልደረሰበት። ከእነዚህ አንዷም ሌላ ሰው ሳያገባት አልተቆጠረችም። የአጥቂ ሒሳብ በራሱ እጅ ነው፤ የአቀባይ ሒሳብ በወዳጁ እጅ።

የእኛ ሰው ለዚህ ባዕድ አይደለም። በዘፈናችን አውጪ ያለ ተቀባይ አይዘፍንም። በገና ዕለት ላሊበላ ቤተ ማርያም ቆሞ ቤዛ ኵሉ የተባለውን ዝማሬ የሰማ ደግሞ የበለጠ ያውቃል፦ ካህናቱ ከፊሎቹ ላይ፣ ማሜ ጋራ በሚባለው ዐለት ጫፍ ላይ፣ ከፊሎቹ ታች በግቢው ይቆማሉ፤ የመላእክትና የእረኞች ምሳሌ ናቸው። ዜማው ከላይ ይወርዳል፣ ከታች ይመለሳል። የላዩ ሲያበቃ የታቹ ይቀጥላል፤ ዜማው በመካከል መሬት አይነካም። ከጋሸና ለበዓሉ በእግር የሄድኩ ጊዜ ያየሁት ቅብብል ነው።

አሁን በየትምህርት ቤቱ የማያቸው ልጆች ኳስ እንደያዙ መጀመሪያ የሚያዩት ቀለበቱን ነው። አልፈርድባቸውም፤ በስልካቸው ተቆርጦ የሚደርሳቸው የሚገባው ኳስ እንጂ ያቀበለው እጅ አይደለም። የኖርዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲው አሠልጣኝ ዲን ስሚዝ ለዚህ መድኃኒት ነበረው፤ ያገባ ተጫዋች ላቀበለው ጣቱን እንዲቀስር ያስተምር ነበር። የእኛም አስተማሪ፣ ስሚዝን ይወቀው አይወቀው እንጃ፣ በጠመኔ የሚጽፈው የአቀባዩን ስም ነበር።

አንድ ቀን የእኔን ጻፈ። ነፋሱ ከግራ ይመጣ ነበርና ኳሷን ለጓደኛዬ በቀጥታ አልወረወርኩለትም፤ አንድ ክንድ ያህል ወደ ግራ አሳልፌ ለቀቅኳት። አልጠራኝም። ነፋሱ ወደ ደረቱ መለሳት፤ እሱም ዘለለ። ቀለበቱ ጮኸ። እሱ ግን ገባች አልገባች ብሎ አላየም፤ ዞሮ እኔን ፈለገ።