«ደስታ» የጠፋው በመደበቅ አይደለም

ስሙ «ደስታ» ነው፤ ሥራው ግን ሐዘን ነበር። አያቶቻችን ይህን የከብት በሽታ አሳምረው ያውቁታል። ከብቱን ያተኩሰዋል፣ ዓይኑ ያነባል፣ አፉ ይቆስላል፣ ያስቀምጠዋል፤ ብዙውን ጊዜ ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ይሞታል። በ1880 ዓ.ም. ገደማ ከባሕር ማዶ ከመጡ ከብቶች ጋር በምጽዋ ገብቶ አገሩን አዳረሰው። ከአሥር ከብት ዘጠኙ አለቀ ይባላል። በሬ ከሌለ እርሻ የለም፤ እርሻ ከሌለ እህል የለም። ድርቁና አንበጣው ሲጨመርበት ክፉ ቀን መጣ። ዐፄ ምኒልክ ሳይቀሩ ዶማ ይዘው እንደ ቆፈሩ ይነገራል። በሽታው ግን ወደ ደቡብ ገሰገሰ፤ በአሥር ዓመት ያህል ጊዜ ውስጥ የአፍሪካ ጫፍ ደረሰ።

ዛሬ ይህ በሽታ በዓለም ላይ የለም። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት መጥፋቱን በሰኔ 2003 ዓ.ም. አውጇል። የሰው ልጅ ከምድር ገጽ ያጠፋቸው በሽታዎች ሁለት ብቻ ናቸው፤ አንዱ ፈንጣጣ ነው፣ ሁለተኛው ይህ።

ታዲያ እንዴት ጠፋ? በሽታውን የሚያመጣው በዓይን የማይታይ ረቂቅ ነገር ነው፤ ቫይረስ ይባላል። የታመመውና ጤነኛው ሲጠጋጉ ይሻገራል። ከከብቱ አካል ወጥቶ ብዙ አይቆይም። ታሞ የዳነ ከብት ደግሞ ዳግመኛ አይታመምበትም። እንግዲህ እንደ እሳት ነው፤ ማገዶ ካጣ ይጠፋል። ማገዶውን የሚነሣው ክትባት ነው። ዋልተር ፕሎራይት የተባለ እንግሊዛዊ የእንስሳት ሐኪም በ1952 ዓ.ም. ገደማ ኬንያ ውስጥ ሙጉጋ በሚባል ቦታ ጥሩ ክትባት አገኘ። አንድ ጊዜ የተከተበ ከብት ዕድሜውን ሙሉ ይድናል።

ነገር ግን መድኃኒት መገኘቱ ብቻ አልበቃም። ከ1955 እስከ 1968 ዓ.ም. በብዙ የአፍሪካ አገሮች ታላቅ የክትባት ዘመቻ ተካሄደ። በሽታው ሊጠፋ ጥቂት ሲቀረው ዘመቻው ላላ። በሩቅ ቆላ ተሸሽጎ የቆየው ፍም በ1970ዎቹ እንደገና ነደደ። በግማሽ የተወ ሥራ እንዲህ ያስከፍላል!

ሌላም ችግር ነበር። ክትባቱ ያለ በረዶ ይበላሻል፤ በቆላ በረዶ ከየት ይምጣ? ኋላ ሙቀት የሚችል ክትባት ተሠራ። በአፋር ከከብት አርቢዎቹ መካከል ሰዎች ተመርጠው ሠለጠኑና ራሳቸው ከተቡ። ከብቱንና የግጦሹን መንገድ የሚያውቁት እነሱ ናቸዋ! በአገራችን በሽታው ለመጨረሻ ጊዜ የታየው በ1988 ዓ.ም. ነው። በዓለም ደግሞ በ1994 ዓ.ም. መባቻ ገደማ በኬንያ የዱር ጎሾች ላይ ታይቶ አበቃ።

ይህን ያነሣነው ለወሬ አይደለም። የበሽታው ወንድም ዛሬም አለ። «ደስታ መሰል» ይባላል፤ በግና ፍየል ይፈጃል። በ2007 ዓ.ም. አገሮች አቢጃን ላይ ተሰብስበው እስከ 2022 ዓ.ም. ድረስ ከዓለም ሊያጠፉት ተስማምተዋል። ክትባቱም አለ።

አንዳንዱ ግን ፍየሉ ስታስነጥስና ስታስቀምጥ ሲያይ «ሳትሞትብኝ ልሽጣት» ብሎ ወደ ገበያ ይነዳታል። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ያቺ ፍየል የልጁ ደብተር፣ የቤቱ ጨው ናት። ቢሆንም አንዷን ሸጦ የመንደሩን መንጋ ያስፈጃል፤ በሽታውም ዞሮ እሱው በረት ይገባል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባል የለ?

ለኃላፊዎችም አንድ ቃል አለን። ገበሬው «በሽታ ገብቷል» ብሎ ሲናገር የእንስሳት ሐኪሙ ቶሎ ይድረስ፤ ክትባቱም ይምጣ። ተናግሮ ሰሚ ያጣ ሰው ሁለተኛ አይናገርም።

እንግዲህ ወገኔ፣ የታመመችውን ለይተህ እሰር፤ ወደ ገበያ አትንዳ፤ ለጤና ሠራተኛው ዛሬውኑ ንገር፤ ጤነኞቹን አስከትብ። ይህን ማንበብ የቻልክም ማንበብ ለማይችለው ጎረቤትህ አንብብለት። የእሱ በረት ካልዳነ ያንተም አይድንምና።