የማይፈለጉ አዝራሮችን መደበቅ፦ የድረ ገጽ ማስተናገጃ መቆጣጠሪያ ሰሌዳ ጉዳይ

ነባሩ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ የባቡር ሐዲድ ያልፍባት የነበረችው አቃቂ በሰቃ የፋብሪካ ሰፈር ናት። በዚያ የሠራ የጥገና ባለሙያ አንድ ልዩነት ጠንቅቆ ያውቃል፦ በማሽን ማስነሻ ላይ ክዳን መግጠም ሌላ ነው፣ የኤሌክትሪክ መሥመሩን ከዋናው ማከፋፈያ ማቋረጥ ደግሞ ሌላ። ክዳኑ እጅ በስሕተት እንዳይነካው ይከላከላል፤ ማሽኑ ውስጥ እጁን የሚያስገባ ሰው ግን ሕይወቱን ለክዳን አያምንም። በድረ ገጽ ማስተናገጃ አገልግሎት ዘንድ ይህ ልዩነት ብዙ ጊዜ ይዘነጋል።

በአቃቂ ቃሊቲ ያለ አንድ የብረታ ብረት ሥራ ድርጅት ድረ ገጽ አሠራ እንበል። ከአስተናጋጁ የሚረከበው የመቆጣጠሪያ ሰሌዳ ምናልባት ሲፓነል ነው፤ በእንግሊዝኛ የተጻፉ በርካታ አዝራሮች ተደርድረውበታል። ሰሌዳውን የሚከፍተው አብዛኛውን ጊዜ የሒሳብ ክፍል ሠራተኛ ወይም ጸሐፊ ነው። የሚፈለገውም ነገር ከሁለት አያልፍም፦ ለአዲስ ሠራተኛ የኢሜይል አድራሻ መክፈትና የተረሳ የይለፍ ቃል መቀየር። የቀረው ሁሉ ለእርሱ ወጥመድ ነው። በዞን ኤዲተር ውስጥ የኤምኤክስ መዝገቡን ቢሰርዝ ወደ ድርጅቱ የሚላከው ኢሜይል መንገዱን ሊያጣ ይችላል። በፋይል ማኔጀር ውስጥ ምንነቱን ያላወቀውን ፐብሊክ ኤችቲኤምኤል የተባለ ማኅደር ቢያጠፋ ድረ ገጹ አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ አስተናጋጆች የማይፈለጉ አዝራሮችን ለመደበቅ መሻታቸው ተገቢ ነው።

ሐሳቡ ጥንታዊ የጥናት መሠረትም አለው። እ.ኤ.አ. በ1984 ጆን ካሮል እና ካሮላይን ካሪተርስ ጀማሪዎች የጽሑፍ ማቀነባበሪያ ሲለማመዱ አስቸጋሪ የሆኑ ተግባራት ቢታገዱባቸው ምን እንደሚሆን መርምረው ነበር። ተግባራቱ የታገዱባቸው ተለማማጆች ሥራቸውን ፈጥነው ጨረሱ። ይህን ጥናት ለመደበቅ ማስረጃ አድርጎ የሚጠቅስ ሰው ግን አንድ ነጥብ ሊያልፈው አይገባም፦ ተመራማሪዎቹ ምርጫዎቹን ከዝርዝሩ አላወጧቸውም። ተለማማጁ የታገደውን ሲመርጥ ተግባሩ በልምምዱ ሥርዓት ውስጥ እንደማይገኝ የሚገልጽ መልእክት ይመጣለት ነበር። ሰውየው ነገሩ መኖሩን ዐወቀ፤ ለጊዜው እንደተዘጋበትም ዐወቀ።

በተግባር የሚታየው አደባበቅ ሁለት ዓይነት ነው። የመጀመሪያው አዝራሩን በሲኤስኤስ ወይም በጃቫስክሪፕት ከዓይን መሰወር ነው። በጥቂት መሥመር ያልቃል፣ ውጤቱም ወዲያው ይታያል፤ ተወዳጅ ያደረገውም ይኸው ነው። ይሁንና አዝራሩ የሚያደርስበት ገጽ በሰርቨሩ ላይ እንዳለ ነው። ወደ ሰሌዳው የገባ ሰው የገጹን አድራሻ በአሳሹ ላይ ቢጽፍ ሰርቨሩ ያለ አንዳች ጥያቄ ያስገባዋል፤ የጸሐፊውን የይለፍ ቃል የሰረቀ ሰውም እንዲሁ። ሳልትዘር እና ሽሮደር እ.ኤ.አ. በ1975 በጻፉት የታወቀ ጥናት እያንዳንዱ የመዳረሻ ጥያቄ በየጊዜው መመርመር እንዳለበት በመርሕ ደረጃ አስቀምጠዋል። መርሑ ዛሬም በሰፊው ይጣሳል፤ ኦዋስፕ እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው የድር መተግበሪያዎች የሥጋት ዝርዝር አንደኛ ላይ የተቀመጠው የመዳረሻ ቁጥጥር መፍረስ ነው። በዚያ ላይ ለአንዱ የሰሌዳ ገጽታ የተጻፈ መሰወሪያ ለሌላው አይሠራም። ሲፓነል ፔፐር ላንተርን የተባለውን ገጽታ በጁፒተር ሲተካ የቀድሞውን ብቻ ያሰበ ኮድ ሁሉ ከንቱ ሆኗል።

ሁለተኛው መንገድ ማከፋፈያው ላይ መዝጋት ነው። በአስተናጋጁ በኩል ያለው ደብሊውኤችኤም ፊቸር ማኔጀር የሚባል ክፍል አለው። በዚያ የተፈቀዱ አገልግሎቶች ዝርዝር ይዘጋጃል፤ ዝርዝሩም ደንበኛው ከገዛው ጥቅል ጋር ይያያዛል። አገልግሎቱ ሲዘጋ አዝራሩ ይጠፋል፣ ገጹም ለዚያ ደንበኛ አይከፈትም። ይህም ቢሆን ማስተዋል ይጠይቃል፦ ፋይል ማኔጀርን የዘጋ አስተናጋጅ ኤፍቲፒን ክፍት ከተወ ያው ማኅደር በሌላ በር ሊጠፋ ይችላል።

ይሁንና ትክክለኛው መሣሪያ ትክክለኛ ውሳኔ ማለት አይደለም። ከሁሉ ይልቅ ክርክር የሚያስነሣው አዝራር የመጠባበቂያ ቅጂው ነው። አስተናጋጁ ሊዘጋው የሚፈልግበት ምክንያት አለው፤ ሙሉ ቅጂ ማዘጋጀት የሰርቨሩን ዲስክና ጉልበት ይበላል። ነገር ግን ድርጅቱ ድረ ገጹን፣ የመረጃ ቋቱንና ኢሜይሎቹን ጠቅልሎ ወደ ሌላ አስተናጋጅ የሚሄደው በዚህ ቅጂ ነው። ጸሐፊው ዞን ኤዲተርን ባያይ የሚጎዳው ነገር የለም። የመጠባበቂያ ቅጂውን ካላየ ግን ድርጅቱ የራሱን ንብረት ይዞ መውጣት እንደሚችል እንኳ ሳያውቅ ዓመታት ያልፋሉ። ጥበቃ ተብሎ የተጀመረው ነገር ደንበኛን ማሰሪያ ሆነ ማለት ነው። አደጋ በደረሰ ዕለት ደግሞ ቅጂው የት እንዳለ የሚያውቀው አስተናጋጁ ብቻ ይሆናል፤ እርሱም ካለው። የደንበኞቹን ስምና ስልክ በድረ ገጹ የሚሰበስብ ድርጅት በግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ለመረጃው ደኅንነት ኃላፊነት አለበት። ያልታየ አዝራር ከዚህ ኃላፊነት ነጻ አያወጣውም።

እንግዲህ መመዘኛው የአዝራሩ አስቸጋሪነት ብቻ ሊሆን አይገባም። ስሕተቱ የሚያስከትለው ጉዳትም፣ አዝራሩ ሲጠፋ ባለቤቱ የሚያጣው መብትም አብረው መመዘን አለባቸው። ለጸሐፊው የኢሜይል ገጹን ብቻ የሚከፍት መግቢያ፣ ለሥራ አስኪያጁ ደግሞ ሙሉውን ሰሌዳ የሚከፍት ሌላ መግቢያ መስጠት ይቻላል። አንድ የይለፍ ቃል ለሁሉም ማደል በየድርጅቱ ልማድ ቢሆንም የችግሩ ግማሽ የሚመነጨው ከዚያው ነው። የተዘጋው አገልግሎትም ከነአካቴው ከሚሰወር ይልቅ፣ እንደ 1984ቱ ጥናት፣ መዘጋቱን የሚናገር አንድ የአማርኛ ዓረፍተ ነገርና የሚከፈትበት የስልክ ቁጥር ቢታይበት ይሻላል። ሰሌዳው ይህን የማያስተናግድ ከሆነ አስተናጋጁ የዘጋቸውን አገልግሎቶች ዘርዝሮ ከውሉ ጋር ሊያያይዝ ይችላል፤ ዝርዝሩ ከአንድ ገጽ አይበልጥም።