ማስታወሻውና ሥራው ይለዩ፤ ግን አይራራቁ

ባለፈው የማስተማር ልምምድ ወቅት አምስት እጩ መምህራን ሆነን በአንድ ፋይል እንጽፍ ነበር። ፊደል ብቻ ያለበት ተራ የጽሑፍ ፋይል ነው፤ በማንኛውም ስልክና ኮምፒዩተር ይከፈታል። የክፍል ትዝብቱም፣ የነገ ሥራውም፣ ቀነ ገደቡም እዚያው ይወረወራል። ታዲያ ምን ሆነ? አራተኛ ክፍል አንድ ልጅ ሰሌዳው እንደማይታየው ተገንዝበን «ሰኞ ወደ ፊት ይዛወር» ብለን ጻፍን። ዓረፍተ ነገሩ ግን በሁለት ገጽ ሐተታ መካከል ተቀበረ። ልጁ ሁለት ሳምንት ሙሉ ከኋላ ተቀምጦ ከጎረቤቱ ደብተር ሲገለብጥ ከረመ። ሁላችንም አንብበነዋል፤ ማናችንም አልሠራነውም። ኧረ ያሳፍራል!

ጥፋቱ የመርሳት ብቻ ሳይሆን የአጻጻፍም ነው። ሐተታ የሚነበበው ለመረዳት ነው፤ ቀንና ምልክት ግን የሚፈለገው ለመፈጸም ነው። ሁለቱ ሲደባለቁ ሁለቱም ይጎዳሉ።

አንዳንድ ጓደኞቻችን «እንግዲያው ሁለት ፋይል ይሁን» ይላሉ። ጂና ትራፓኒ በ2006 እ.ኤ.አ. የጀመረችው ቱዱ ዶት ቲኤክስቲ የተባለው አሠራር ለዚህ ይመቻል። አንድ ሥራ አንድ መስመር ነው፤ ቅድሚያው በቅንፍ ፊደል ከፊት ይቀመጣል፤ ያለቀው በኤክስ ይጀምራል። መልካም ነው። ነገር ግን «ልጁን አዛውር» የሚል ደረቅ መስመር ብቻውን ሲቀር፣ የትኛው ልጅ? ለምን? የሚለውን ማን ይነግረናል?

እኛ የምንደግፈው የሥነ ፈለክ ተመራማሪው ካርስተን ዶሚኒክ በ2003 እ.ኤ.አ. የጀመረውን የኦርግ ሞድን ሥርዓት ነው። ሥራው ማለቁና አለማለቁ በርዕሱ ላይ፣ ቀነ ገደቡ ከርዕሱ ሥር በራሱ መስመር፣ ሌላው ዝርዝር በሚታጠፍ «መሳቢያ» ውስጥ ይገባል። ሐተታው ከዚያ በታች እንደ ልብ ይጻፋል። ፕሮግራሙ ቀን ያላቸውን ሥራዎች ከየፋይሉ ለቅሞ ያወጣል፤ ምክንያቱ ግን ከሥራው አይነጠልም።

ለዚህ የግድ ኮምፒዩተር አያስፈልገንም፤ በደብተርም ይሆናል። ርዕስ፤ ከሥሩ «ማን? እስከ መቼ? አለቀ?» የሚል አንድ መስመር፤ ከዚያ ሐተታ። ምልክቱም የሁላችን አንድ ዓይነት ይሁን። አንዱ «ይሠራ»፣ ሌላው «አደራ» እያለ ከጻፈ ፈልጎ ማግኘት ዘበት ነው።

ነገ ክፍል ሙሉ ልጆች እንረከባለን። ጽፎ መርሳት ካለመጻፍ አይሻልም። ያ ልጅ አሁን ከፊት ተቀምጧል፤ በየደብተራችን የተቀበረው ሌላው ማን ይሆን? ዛሬ ማታ ገልጠን እንይ!

ከአንድ የልምምድ ቡድን