በ«ሲ» የሚጀምሩ ስሞች

«ኤ ፎር አፕል፣ ቢ ፎር ቦል፣ ሲ ፎር ካት!» ይህቺን ያልዘመረ የከተማ ልጅ ካለ እጁን ያውጣ። ከፍ ስንል ዜማው ይቀርና ዝርዝሩ ይከተለናል። ደብተር መሃሉ ላይ ይሰመራል፤ በግራ እንግሊዝኛው፣ በቀኝ የአማርኛ ፍቺው። ዛሬ በ«ኤ» የሚጀምሩ ስሞች፣ ነገ በ«ቢ»፣ ከነገ ወዲያ በ«ሲ»። ለአንድ ቃል አንድ ፍቺ! ሃምሳ የሸመደደ ጎበዝ ይባላል፤ መቶ የሸመደደ ደግሞ «ዲክሽነሪ» የሚል ቅጽል ስም ይወጣለታል።

እኛ ግን ዛሬ አንድ ጥያቄ አለን፦ ይህ ልጅ የእውነት መቶ ቃል ያውቃል?

እስቲ የ«ሲ»ን ዝርዝር ይዘን ወደ ላስታ እንውጣና እንፈትነው። ከላሊበላ ከተማ ወጣ ብላ ገነተ ማርያም አለች። ከአንድ ወጥ አለት የተፈለፈለች ቤተ ክርስቲያን ስትሆን፣ ከእ.ኤ.አ. 1270 እስከ 1285 የነገሡት የአፄ ይኩኖ አምላክ ሥራ መሆኗ ይነገራል። ግድግዳዋ ላይም የንጉሡ ሥዕል ከነጽሑፉ ይገኛል። ዙሪያዋን አለቱ ተቆፍሮ ግቢ ወጥቶላታል፤ በውጭ በኩል ደግሞ ባለ አራት ማዕዘን ዓምዶች ከበዋታል። አሁን ስለ ላስታ ፍልፍል አብያተ ክርስቲያናትና ስለ ገዳማት በእንግሊዝኛ የተጻፈ መጽሐፍ ግለጡ። ኮርት፣ ኮለም፣ ካፒታል፣ ሴል የሚሉ ቃላት ያጋጥሟችኋል። አራቱም ስሞች ናቸው፤ አራቱም በ«ሲ» ይጀምራሉ፤ አራቱም በልጃችን ደብተር ውስጥ ተጽፈዋል።

ጉዱ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። በደብተሩ መሠረት ኮርት ማለት ፍርድ ቤት ነው። ኮለም የጋዜጣ ዓምድ ነው። ካፒታል ዋና ከተማ፣ ሴል ደግሞ ሕዋስ ነው። በዚህ ፍቺ ካነበብን ቤተ ክርስቲያኗ ፍርድ ቤት መሃል ቆማለች፣ ጣሪያዋን ጋዜጣ ደግፎታል፣ በየጋዜጣው አናት ላይ አንድ አንድ ዋና ከተማ ተቀምጧል፣ መነኩሴውም ሕዋስ ውስጥ ገብተው ይጸልያሉ! እኛም እንግዲህ ዓምደኞች ነን እንላለን፤ ጣሪያ ግን ደግፈን አናውቅም።

ሳቁን እንተወውና፣ ኮርት በግንብ ወይም በቤት የተከበበ ግቢም ነው። የንጉሥ አደባባይም ነው፤ የቴኒስ መጫወቻም ነው። ኮለም ሕንፃ የሚሸከም ዓምድ ነው። ካፒታል የዓምዱ ራስ፣ ማለትም ከላይ ያለውን ሸክም የሚቀበለው ክፍል ነው። ሴል ደግሞ የመነኩሴ በዓት ነው። ልጁ የጻፈው ፍቺ አንዱም ስህተት አይደለም። ነገር ግን ከብዙ ወንድማማቾች አንዱን ብቻ ነው የሚያውቀው፤ የቱ የት እንደሚሠራም የነገረው ሰው የለም።

ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው? እኛ ጥፋቱን በልጁ ላይ አንጥልም፤ በአደራደሩ ላይ ነው የምንጥለው። መዝገበ ቃላት በመጀመሪያ ፊደል የሚደረደረው ፈላጊ ቶሎ እንዲያገኝ ነው። ለመፈለጊያ የወጣን ሥርዓት ለመማሪያ ስናደርገው ነገር ይበላሻል። እስቲ በ«ሲ» ረድፍ ተከታትለው የሚመጡትን እዩዋቸው፦ ኮርነር፣ ኮስት፣ ኮተን፣ ኮርት፣ ከዝን። ማዕዘን፣ ዋጋ፣ ጥጥ፣ ፍርድ ቤት፣ የአጎት ልጅ! ምን አገናኛቸው? አእምሮ የማይዛመድ ነገር ሲጫንበት እስከ ፈተናው ማግስት ይዞ ከዚያ ይጥለዋል። ቢጥልም አይፈረድበትም።

ዘመድ የሆኑትን ቃላት ስናስተዋውቀው ግን ነገሩ ይለወጣል። ካፒታል የመጣው «ራስ» የሚል ትርጉም ካለው ካፑት ከሚባል የላቲን ቃል ነው። አሁን ተመልከቱ። ዋና ከተማ የከተሞች ራስ ነው። የዓምድ ካፒታል የዓምዱ ራስ ነው። ካፒታል ፐኒሽመንት የሚሉት ቅጣት ራስን የሚያስቆርጥ ነው፤ የሞት ፍርድ። ለንግድ የሚያዘው ካፒታልም ዋናው፣ ወለድ የሚወለድበት ገንዘብ ነው። ካፕቴን እንኳ የቡድን ራስ ነው። ይህ ሁሉ ለአማርኛ ተናጋሪ ባዕድ ነገር አይደለም። ርእሰ ከተማ፣ ርእሰ መምህር፣ ርእሰ አንቀጽ እያልን የምንኖር ሰዎች ነን። አንዲት ቁልፍ ብትሰጠን አምስት በር የምንከፍት ልጆች ነበርን፤ የተሰጠን ግን አምስት የተቆለፈ በር ነው።

ደግሞ ይህ ዘዴ ከውጭ የሚመጣ አዲስ ፈሊጥ እንዳይመስላችሁ። የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌን «መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ ወመዝገበ ቃላት ሐዲስ»፣ በ1948 ዓ.ም. የታተመውን ማለታችን ነው፣ የገለጠ ያውቀዋል። እዚያ «መጽሐፍ» የሚፈልግ ሰው «መ» ላይ አይቆምም፤ «ጸሐፈ» የሚለው ግስ ዘንድ ይሄዳል። ጸሐፊውም፣ ጽሕፈቱም፣ መጽሐፉም እዚያው በአባታቸው ቤት ይጠብቁታል። ከላስታ ጎረቤት ዋድላ ደግሞ በቅኔ ትምህርት ስሟ የታወቀ ምድር ናት። የቅኔ ተማሪ ዋና ሥራው አንድ ቃል ሁለት ነገር ሲሸከም ማየት ነው፤ ሰሙን ይዞ ወርቁን መፈለግ። ኅብረ ቃል ሲፈታ የኖረ ሕዝብ ልጆች እንግሊዝኛ ላይ ሲደርሱ «ለአንድ ቃል አንድ ፍቺ» ተብለው መታሰራቸው አይገርምም?

«ሳይሸመደድ ቋንቋ ይታወቃል እንዴ?» የሚሉን አይጠፉም። እውነት ነው፣ አይታወቅም። የቅኔ ተማሪም ግስ ይሸመድዳል። ነገር ግን አርእስተ ግስ ብሎ በየወገኑ እየመደበ ነው የሚሸመድደው፤ ቀተለን ካወቀ በቀተለ የሚሄዱትን ሁሉ ያውቃል። መዝገበ ቃላትም አያስፈልግም አላልንም። እ.ኤ.አ. በ1973 በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ የታተመው የአምሳሉ አክሊሉና የሞስባክ የእንግሊዝኛ አማርኛ መዝገበ ቃላት ስንቱን ተማሪ አሳድጓል! ችግሩ ተማሪው መጀመሪያ ያገኘውን ፍቺ ገልብጦ ወደሚቀጥለው ቃል መሮጡ ነው።

ነገሩ የቃላት ጨዋታ ቢሆን ኖሮ ባላነሳነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛን የሁለተኛ ደረጃ ማስተማሪያ አድርጎታል፤ ዛሬም የ9ኛ ክፍል ተማሪ ባዮሎጂውንም ፊዚክሱንም የሚማረው በእንግሊዝኛ ነው። ሴል በባዮሎጂ ሕዋስ፣ በፊዚክስ የባትሪ ክፍል፣ በታሪክ የእስረኛ ጠባብ ክፍል ሆኖ ይመጣበታል። ቻርጅ በፊዚክስ ሌላ፣ በፍርድ ቤት ክስ፣ በሆቴል ሂሳብ ነው። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በተሰጠው የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ሁሉንም በቃላት ደብተር ላይ አናላክክም። ይሁንና ጥያቄው ራሱ ያልገባው ተማሪ መልሱን ከየት ያመጣል? የሚያውቀውን ትምህርት በማያውቀው ቃል ተጠይቆ የወደቀ ስንት አለ?

ስለዚህ የምንለው ይህ ነው። መምህራን ሆይ፣ ሃምሳ ቃል ከምትሰጡ አሥር ስጡና ለእያንዳንዱ ሁለት ዓረፍተ ነገር አሠሩ፤ ፍቺው የሚለያይበትን። «ምን ማለት ነው?» ከማለታችሁ በፊት «የት ቦታ?» ብላችሁ ጠይቁ። ተማሪዎች ሆይ፣ ደብተሩን በፊደል መክፈሉን ተዉና በዘመድ ክፈሉት። የገነተ ማርያም አካባቢ ልጅ ደግሞ ከማናችንም የተሻለ መማሪያ አለው። ደብተሩን ይዞ ከግቢው ይቁም፤ ኮርቱን በእግሩ ይርገጠው፣ ኮለሙን ይቁጠረው፣ ከዚያ ቀና ብሎ የዓምዱን ራስ ይፈልግ። እንዲህ ያወቀውን ቃል ፈተናም አያስረሳውም፤ እንግዳ ሲመጣም ያገሩን ሥራ ሳይደናገር ይተርክበታል።

ቸር እንሰንብት!