ዳኛ የፈታውን ፖሊስ በር ላይ አይያዘው

በ1993 ዓ.ም. የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ዳኛ የነበሩት ወ/ሪት ብርቱካን ሚደቅሳ፣ በሙስና ተጠርጥረው ለታሰሩት ለቀድሞው የመከላከያ ሚኒስትር ለአቶ ስዬ አብርሃ ዋስትና ፈቀዱ። አቶ ስዬ ከፍርድ ቤቱ ሳይርቁ ፖሊስ መልሶ ያዛቸው። ብዙም ሳይቆይ ፓርላማው በሙስና የተጠረጠረ ሰው ዋስትና እንዳያገኝ የሚከለክል ሕግ አጸደቀ። አቶ ስዬ እስከ 1999 ዓ.ም. አልተፈቱም።

ወ/ሪት ብርቱካን በኋላ ፖለቲካ ውስጥ ገቡ፤ ሁለት ጊዜ ታሰሩ፤ የዕድሜ ልክ ፍርደኛም ሆኑ። ከስደት ተመልሰው በ2011 ዓ.ም. የምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ ሆኑ። የጌዴኦ ሕዝብ ጥር 29 ቀን 2015 ዓ.ም. አዲስ ክልል ለመመሥረት ድምፅ የሰጠበትን ሕዝበ ውሳኔ ያስፈጸመው ያኔ እሳቸው ይመሩት የነበረው ቦርድ ነው። የጌዴኦዋ ዲላ ከደቡብ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ከተሞች አንዷ የሆነችውም ከዚያ በኋላ ነው። ይህ ሁሉ ትልቅ ሥራ ነው። ለእኛ ግን ያ የአንድ ቀን የዋስትና ትእዛዝ ይበልጥብናል።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 79 ዳኛ ከሕግ በቀር በሌላ አይመራም ይላል። ለታሳሪ ቤተሰብ ግን ሕጉ የሚታየው እስር ቤቱ በር ላይ ነው። ቡና ሸጠው፣ ከዘመድም ተበድረው የዋስትናውን ገንዘብ ያስያዙ እናት ደረሰኙን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው የመፍቻ ትእዛዙን ይጠብቃሉ። «ኃላፊው የለም»፣ «ሌላ መዝገብ ተከፍቶበታል» ከተባሉ፣ ዳኛው የደከሙበት ሁሉ ለእሳቸው ከንቱ ነው። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽንም ፖሊስ የዋስትና ትእዛዝ አለማክበሩን በቅርብ ዓመታት ደጋግሞ ነቅፏል። ጌዴኦ በሶንጎ፣ በሽማግሌ ፊት ሲዳኝ የኖረ ሕዝብ ነው፤ የተቆረጠ ነገር መጣስ ነውር መሆኑን ከማንም አይማርም።

አቋማችን ይህ ነው። የክልሉ ምክር ቤት የፍርድ ቤት ትእዛዝ ያልፈጸመ የፖሊስ ኃላፊ በግሉ የሚጠየቅበትን አሠራር ይደንግግ። የጌዴኦ ዞን ፖሊስም የመፍቻ ትእዛዝ የደረሰበትንና ታሳሪው የወጣበትን ሰዓት እየመዘገበ ለዞኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ያሳውቅ። በሌላ ጉዳይ የሚፈልገው ሰው ካለ አስቀድሞ ዳኛ ፊት ቀርቦ ምክንያቱን ያስረዳ፤ እስከዚያው ሰውየው ቤቱ ይደር።