ጎጆዋን ሳላነሳት

ይህችን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሳሳኝ ባለፈው ክረምት ለእረፍት ቢስቲማ ስሄድ ያየሁት ነው። የእናቴ የሣር ጎጆ ፈርሳ በቦታዋ ቆርቆሮ ቤት ቆሟል። ጥሩ ነው፣ አያፈስም። ግን የጎጆዋ አንድ ፎቶ እንኳ የለንም! የሠርግና የበዓል ፎቶ ሞልቶናል።

ፎቶ አንሺዋ አይዳ ሙሉነህ እ.ኤ.አ. በ1974 አዲስ አበባ ተወልዳ በልጅነቷ ከአገር ወጣች። በየመን፣ በእንግሊዝ፣ በቆጵሮስና በካናዳ ኖራ በ2007 ተመለሰች። በ2016 ላሳየቻቸው ሥራዎች ርዕስ ያደረገችው አያቷ ትለው የነበረውን «ዓለም ዘጠኝ ናት» የሚለውን ነው። አስር አትሞላም ማለት ነው።

እንደኔ እንደኔ ግን የጎደለችዋን አንዷን ለማየት የግድ ባሕር መሻገር የለብንም። ሚካኤል ፀጋዬ የሚፈርሱ ሰፈሮችን ያነሳው በተወለደባት በአዲስ አበባ ነው። ለኔም ከደሴ ቢስቲማ ይበቃኛል። እናንተም የዲፓርትመንታችን ልጆች፣ ለምረቃ ጋውን ከመሰለፋችሁ በፊት የቤታችሁን ደጃፍ አንሱ።

እኔ ከያኔ ጀምሮ ግቢያችንን ከአንድ ቦታ ቆሜ በሞባይል አነሳለሁ፦ በሐምሌ ጭቃው፣ በመስከረም አደዩ፣ በጥር አቧራው። እናቴ «በአላህ፣ ባዶ ግቢ ምን ያደርግልሃል?» ትለኛለች። የሐምሌውን ሳሳያት ግን ዝም ብላ ቆየችና የጎጆዋ በር የነበረበትን በጣቷ ነካችው።